የሉባባ መርዶ

በግራር አምባ ሰፈር ማለዳ የሚጀምረው ጉሮሮ በመጥረግ ነው። እያንዳንዱ ቤት ያየውን የሚቀርጸውን መነጽሩን ያደርግና የዕለት ልጥፉን ለአደባባይ፣ አገር ሁሉ በየመነጽሩ ለሚያየው መድረክ፣ ያቀርባል። አንዱ የታመመች ላሙን ያሳያል፤ አንዱ የተሰነጠቀ ግድግዳውን፤ ምንም የሌላት ድመቷን ታስጨፍራለች። ልጥፉ ከነደደ፣ ማለት አገር ምድሩ እየተቀባበለ ካየው፣ ሰፈሩ ስም ያገኛል። ስም ያገኘ ሰፈር ውሃ ይለቀቅለታል፣ ትራንስፎርመር ይተከልለታል፣ ሐኪም ይመደብለታል። ስም የሌለው ሰፈር ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት ውሎ፣ "እናንተን ደግሞ ማን ያውቃችኋል?" ተብሎ ይመለሳል። ሰዉ በዚህ መማረር ከተወ ቆይቷል። ዝናብ ቀረ ብሎ ማን ይከሳል?

ግራር አምባ ከደሴ ከፍ ብላ ጦሳ ተራራ ጥግ የተቀመጠች ሰፈር ናት፤ አንድም ቀን ነዳ አታውቅም። "መልካችን አያምር ይሆናላ" ይላሉ ሴቶቹ፣ ጀሪካን አዝለው ከወንዝ ሲወጡ። ቧንቧው ከደረቀ ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል። የቅሬው ዳኛ እብሬ ሙሄም ከአልጋ የማትወርድ ሚስቱን ዘሃራን በጣሳ እየለካ ነው የሚያጥባት። እብሬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጉልበቱ ደክሟል፤ ዳገቱ ግን አልደከመም።

ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። ሠርጉም፣ ጠቡም፣ እርቁም አደባባይ ላይ በወጣበት ዘመን፣ ቅሬ ለራሱ ያስቀራት አንዲት ነገር ብትኖር መርዶ ናት። የሞት ወሬ መጀመሪያ ለዳኛው ይደርሳል፤ ዳኛው በሆዱ ይይዘዋል፤ ዘመድ ይሰበስባል፤ ከዚያ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን አውልቀው በር ያንኳኳሉ። እብሬ ስንቱን በር አንኳኩቷል። ከዚህ የተነሳ በማለዳ መንገድ ላይ ያየው ሰው ሁሉ "ወደኛ ይሆን?" ብሎ ይደነግጣል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ፣ ቁርስ ሊገዛ ሲወጣ እንኳ ከሩቁ "ዳቦ ነው! ዳቦ ነው!" እያለ ነው የሚሄደው።

እሑድ ከቀትር በኋላ በረሃ ውስጥ ካለ የማዕድን ማውጫ ስልክ ተደወለለት።

"የነስሩ ባልደረባ ነኝ" አለ ደዋዩ። "ትናንት ክሬን ወደቀበት። ሙቀቱ አያስቆይም፣ እዚሁ ሰግደንበት ቀበርነው። እናቱ ብቻዋን እንዳትሰማው ለርስዎ ልንገር ብዬ ነው።"

እብሬ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለና ቁጭ አለ። ነስሩ የሉባባ ይማም ልጅ ነው፤ አንድዬ ልጇ። ሉባባ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ልጇን ያሳደገች፣ ምላሷ ስለታም፣ ሆዷ ቡቡ የሆነች የእብሬ ጎረቤት ናት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እሷስ መች ልትጫወት ፈለገች? ድህነት ነው አንድ ዓይኗን ወደዚያ በረሃ ያስላካት። እብሬ ከሚሴ ላለው ወንድሟ ለሸምሱ "ቶሎ ድረስ" ብሎ ላከበት፤ ለማግስቱ ንጋትም ራሱን አዘጋጀ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከድር እየሮጠ ገባ። ከድር የቅሬው ጸሐፊም የሰፈሩ አንዳጅም ነው። አንዳጅ የሰፈሩን ልጥፎች እያራገበ እሳት እንዲይዙ የሚደክም ሰው ነው፤ እስከዚያ ቀን ከድር ያራገበው ሁሉ ጭሶ የቀረ ነበር።

"ጋሼ! ነደድን!" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ሉባባ ነደደች!"

እብሬ መነጽሩን አደረገና አየ። ሉባባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አንድ ጋቢ በሁለት እጇ ዘርግታለች። "ነስሩ፣ አንተ ጉደኛ" ትላለች። "ስልክህ አይነሳም። አንተ እኔን ብትረሳም እኔ ጋቢህን ብል እንዳይበላው ዛሬም ፀሐይ ላይ አስጥቼልሃለሁ። ለአረፋ ካልመጣህ ግን ለበጉ ነው የማለብሰው፣ ወላሂ! ደውል።" ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ከሥሩ ግን ከማዕድኑ አንድ ሰው ጽፎበታል፤ "ልጇ ሞቷል። አልሰማችም።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ባሕር ዳርም ጅግጅጋም አየው፤ እያየም አለቀሰ። ከዚያ ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ አንድ ድምፅ አገሩን አዳረሰ፤ "ማንም እንዳይነግራት! ባህላችንን እናክብር! ቅሬዋ በወጉ ይንገራት!" ሁሉም ተስማማ። አደባባይም ሞት የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ከእሷ ዓይን ሰወረው። ለሉባባ የሚታያት "እማዬ፣ ጋቢው ሲያምር!" እና "እንወድሻለን!" ብቻ ሆነ። አገር ሙሉ ሕዝብ ለአንዲት ሴት ምስጢር ጠባቂ ሆነ፤ በገዛ ጨዋነቱም ተደነቀ።

"ሸምሱ ነገ ሳይነጋ ይደርሳል። ያኔ እንነግራታለን" አለ እብሬ።

"ሸምሱን ደውዬ፣ ትንሽ ቆይ ብዬዋለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"ዘመድ ይሟላ ብዬ ነዋ። አጎቷ ጅማ ነው፣ አክስቷ ሞያሌ ናት። ዘመድ ሳይሟላ መርዶ ተነግሮ ያውቃል? ይህንን ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ?"

እብሬ ሊገሥጸው ብድግ አለ። ነገር ግን ከድር ያለው ከወግ የወጣ አልነበረም። ዘመድ ሩቅ ሲሆን መርዶ ቆይቶ ያውቃል፤ ለአራስ እናት፣ ፈተና ላይ ላለ ልጅ እሱ ራሱ አቆይቶ ያውቃል። "ለአንድ ቀን" አለ በመጨረሻ።

ሰኞ ጠዋት ቧንቧው አጉረመረመ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ውሃው ወረደ። ሰፈሩ እልል አለ። እብሬ በባልዲ ሞልቶ ገባና የዘሃራን ፀጉር ሁለቴ አጠበ። "ከየት መጣ?" ብትለው "ከላይ" አላት። ዓይኗን ጨፍና ውሃው በአንገቷ ሲወርድ ስታጣጥመው ደስ አለው። እውነቱ ይህ ነው፤ በጣም ደስ አለው።

ሉባባ ደግሞ ቤት ለቤት እየዞረች ትስቅ ነበር። "በኔ ጋቢ እኮ ነው! አንድ አሮጌ ጋቢ አንድ ሰፈር አጠጣ!" ሴቶቹ አቅፈው ይስሟታል፤ ሲለቋት ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ያብሳሉ። እሷ በደስታ ነው የሚያለቅሱት ብላ እሷም አለቀሰች። ማታውን ሌላ ልጥፍ አወጣች። "ነስሩ፣ እናትህ ታዋቂ ሆናለች። አሁኑኑ ብትደውል ይሻልሃል፣ ኋላ ወረፋ ትይዛለህ!" ይኸኛው ከመጀመሪያው ይብስ ነደደ።

ማክሰኞ ትራንስፎርመሩ መጣ። ቅሬው ተሰበሰበ፤ እብሬ "ነገ እንንገራት" አለ። ከድር የጅማው አጎት መኪና መንገድ ላይ እንደተበላሸ አስረዳ። በስብሰባው የነበሩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የስንቱን ሬሳ አጥበዋል፣ የስንቱን ሐዘንተኛ ደግፈዋል። ግን አንገታቸውን ደፍተው "ዘመድ ይሟላ እንጂ" አሉ። ውሃ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳም። እብሬም አላነሳም።

ረቡዕ መሐንዲሶች መንገዱን መለካት ሲጀምሩ እንግዶችም መምጣት ጀመሩ። ከየከተማው ነው የመጡት፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ መነጽራቸውን አድርገዋል፣ መርዶው ሲነገር በቦታው መገኘት ይፈልጋሉ። አንዷ እንባዋ በሰዓቱ እምቢ እንዳይላት አጥር ጥግ ቆማ ትለማመድ ነበር። ሉባባ ለፍቅሯ የመጡ መስሏት ቆሎ አዞረችላቸው።

"ምነው ሁላችሁም ጥቁር?" አለቻቸው።

"ፋሽን ነው፣ እማዬ" አሏት። ቆሎዋንም ቆረጠሙ።

ሐሙስ ንጋት ላይ እብሬ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ተነሳ። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ወጣ። ወደ ሉባባ በር ሲታጠፍ የዚያ ሁሉ ሰው መነጽር ባንዴ ወደ እሱ ዞረ። "ዳኛው ነው! መጣ! መጣ!" የሚል ሹክሹክታ ሄደ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተገፋፋ፤ ያቺ ሴት እንባዋን ለቀቀችው። እብሬ ቆመ። አፉን ሲከፍት የወጣው የለመደው ቃል ነበር።

"ዳቦ ነው" አለ። "ዳቦ ነው።"

ሄዶ የማይበላውን ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ ሉባባ ራሷ ቤቱ መጣች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች፣ እጇን ሂና ተቀብታለች። ዘሃራን ስማ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

"ጋሽ እብሬ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ።"

"ለምኑ?"

"ለነስሩዬ ነዋ! የሐጂ ጦይብን ልጅ እንደሚወዳት አንተም ታውቃለህ። አምና ሽማግሌ ብልክባቸው 'ለማዕድን ቆፋሪ ልጅ አንሰጥም' ይሉኝ ነበር። አሁን ማን ደፍሮ እምቢ ይለኛል? ለአረፋ ሲመጣ ኒካውን እናሥርለታለን።" ጉልበቱን መታ አደረገችው። "አንተ ዕድሜህን መርዶ ስትሸከም ኖርክ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ የደስታ በር አንኳኳ።"

እብሬ የመለሰላትን አያስታውስም። "እሺ" ሳይላት አልቀረም፤ እየሳቀች ነው የወጣችው። ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች።

"እብሬ" አለች ኋላ።

"ወይ።"

"ያን ከላይ መጣ ያልከኝን ውሃ ከእንግዲህ ገላዬ ላይ እንዳታፈስ።"

እብሬ መነጽሩን አውልቆ ትራሷ ሥር አስቀመጠና ወጣ። መርዶ ከሰዓት በኋላ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶም አይነግርም። እንግዶቹ ግን ለምሳ ወደ ታች ወርደው፣ በሩ ላይ የቀሩት ጥቂት ናቸው። በጓሮ ዞሮ አጥሩን ዘለለ፤ በዚያ ዕድሜው ሱሪውን ቀደደ፣ ክንዱን ቧጨረ። ሉባባ የስፌት መኪናዋ ላይ ጎንበስ ብላ ነጭ ጀለቢያ ትሰፋለች። የሙሽራ ነው። ቀና ስትል እብሬን አየችው፤ ዓይኑ ላይ መነጽር የለም፣ እጁ ላይ ዳቦ የለም። የልብስ መኪናው ዘዋሪ በራሱ ጥቂት ዞሮ ቆመ።

"ዳቦ ነው በለኝ" አለች።

"ሶብር አድርጊ፣ ሉባባ።"

"ጋሽ እብሬ፣ ዳቦ ነው በለኝ።"

"ነስሩ... አላህ ወስዶታል።"

መላ አካሏ ለጩኸት ተነሳ። ጀለቢያውን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችና ያዘችው። ጨርቁን ስታወጣው ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"መቼ?"

"ቅዳሜ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው።"

"አዎ።"

"ወንድሜ ሸምሱ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"በር ላይ ያሉትስ? ቆሎዬን የበሉት?"

"ሁሉም ያውቃሉ፣ ሉባባ። አገር ያውቃል።"

ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ ጓሮ ካለው ቧንቧ ላይ አረፈ። "ውሃው የመጣው ሰኞ ነው" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እየገባት። "አንተስ፣ እብሬ?" ጎረቤት ከሆኑ ጀምሮ ጋሽ ሳትል ስትጠራው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። እብሬ "ዘመድ ይሟላ ብለን..." ብሎ ጀመረና መጨረስ አፈረ።

ውጭ ሁካታ ተነሳ። አጥር ሲዘል ያየው ሰው ነበር። "ዳኛው ገብቷል! እየነገራት ነው!" ይባላል፤ ከቁልቁለቱ የሚሮጥ ሰው ኮቴ ይሰማል፤ ትንንሽ የሚበሩ ካሜራዎች መስኮቱ ላይ ማንዣበብ ጀመሩ። ሉባባ መጋረጃውን ሳበችና እብሬን ክንዱን ያዘችው።

"ካለቀስኩ ይወስዱብኛል" አለች። "የልጄን ሞት ከነሱ በኋላ ነው የሰማሁት። ለቅሶውን እንኳ አይተዉልኝም። ውሰደኝ እብሬ፣ ሰው የሌለበት ውሰደኝ፣ አልቅሼ ልመለስ።"

እብሬ አሰበ። መስጊዱን አሰበ፤ መቃብሩን፣ ወንዙን፣ ተራራውን አሰበ። ዓይን የሌለበት ቦታ አልመጣለትም። ራሱን ነቀነቀላት።

ሉባባ ክንዱን ለቀቀችው። ፊቷን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። "ከኋላዬ ቁም" አለችው። "አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።" ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

ሉባባ ደረጃው ላይ ቆማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ምንድን ነው የምትጠብቁት? ልጄ መሞቱን ነው? እሱንማ ከናንተ በፊት ነው የሰማሁት። ጋቢውን ያሰጣሁት አውቄ ነው። ሰፈሬ ውሃ ጠምቶታል፣ ሌላ የማሳየው አልነበረኝም። እንዴት ነበርኩ? አስለቀስኳችሁ አይደል?" ሳቀች። እብሬ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቶ አያውቅም፤ ዳግመኛም እንዳያሰማው ይለምናል።

ከዚያ ያቺ እንባዋን ስትለማመድ የነበረች ሴት "ሌባ!" ብላ ጮኸች። "በልጇ የነገደች!" አለ ሌላው። "ስንት ቀን ነው ያለቀስኩልሽ!" የሚል ነበር፤ የምር የተዘረፈ መስሎታል። ከኪሱ የቀረ ቆሎ አውጥቶ የወረወረባትም አለ። እብሬ ወደ ፊት ወጣ። "ውሸቷን ነው፣ እኛ ነን..." ከማለቱ የሉባባ ጥፍር እጁ ውስጥ ገባ።

"ንገራቸውና መልሳቸው" አለችው በጆሮው። "አታውቅም ነበር በላቸውና አሁኑኑ በሬ ላይ ሰብስባቸው።"

እብሬ ተመልሶ ከኋላዋ ቆመ።

አደባባይ ቀኑን ሙሉ ሲረግማት ዋለ። ማታ ላይ ወለጋ ውስጥ አንድ ገደል የገባ ጥጃ ነደደና ሰዉ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ጥቁር የለበሱት ዕቃቸውን ሸክፈው ቁልቁል ወረዱ። ከድር በቅሬው ስም መግለጫ አወጣ፤ "ሰፈራችንም እንደ መላው ሕዝብ ተታሏል" ይላል። በዚህ የተነሳ የመጣው ውሃ አልተቋረጠም፣ መንገዱም አልተሰረዘም። እብሬ ዳኝነቱን ለቀቀ፤ ለምን ሲባል "ጉልበቴ ደከመ" ይላል። እውነቱን ቢናገር ሉባባ በስሟ የገዛችውን የብቻ ለቅሶ መልሶ ይሸጥባት ነበር።

ድንኳኑን የተከሉት እብሬና ሸምሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሸምሱ ለእህቱ ቀና ብሎ ማየት አቅቶት ካስማ ሲመታ፣ አግዳሚ ሲያነጥፍ ዋለ። የሚቀመጥበት ግን አልመጣም። እሷ ቤት ሲገባ የታየ ሰው አብሯት ይወገዛል። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ አይወደድም ብሎ የሚያረጋጋት ሸህ እንኳ ብቅ አላለም። ዘሃራን በወንበር ተሸክመው አምጥተው ከሉባባ ጎን አስተኟት። እብሬ ብቻውን በር ላይ ተቀመጠ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።

ያኔ ሉባባ ጮኸች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እብሬ ስንት ለቅሶ ሰምቷል፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማም። ነስሩ ብላ ጠራችው፣ የልጅነቱን ስም ጠራችው፣ ቁመቱን አነሳች፣ ሲስቅ የሚታየውን የተሸረፈ ጥርሱን አነሳች፣ ትወልደው ዘንድ ያማጠችበትን ሌሊት አነሳች። ማንም አልቀዳትም። ማንም አልቆጠረላትም።

ሁለት ወጣት ሴቶች ከገበያ እየተመለሱ በአጥሩ ሥር አለፉ። አንደኛዋ ቆም ብላ ጆሮዋን ሰጠች።

"ይቺ ሴትዮ ዛሬም እየተወነች ነው እንዴ?"

"ማን ሊያይላት!" አለች ሁለተኛዋ። ተሳሳቁ።

እብሬ ከአግዳሚው ብድግ አለ። ሉባባ አታውቅም ነበር ሊላቸው አፉን ከፈተ። ከውስጥ ለቅሶው ድንገት ቆመ፤ ሉባባም ሰምታለች፣ እሱ ምን እንደሚል እየጠበቀች ነው።

እብሬ ተመልሶ ተቀመጠ። ሉባባም ልጇን መጥራቷን ቀጠለች።